ጅጉርቴ ፍለጋ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን። ድሩን የሚፈትለው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም። በመተማመን እኛን የቆቦ ሰዎችን የሚያህል የለም፤ እሳት ከጎረቤት፣ በሬ ከአማች፣ ዘር ከወዳጅ ነው። ዘር መሸጥማ ነውር ነበር። የጠየቀ ይሰጠዋል፣ ሲደርስለት ይመልሳል። እንዲህ ያለው ደግነት አገር ይጎዳል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም እስከ ዘንድሮ ሚያዝያ ድረስ እስቅ ነበር።

ጅጉርቴ የአባቶቻችን ማሽላ ነው። ቁመቱ ሰውን ከነግመሉ ይሰውራል። ፍሬው ለእንጀራ፣ አገዳው ለከብት፣ የተረፈው ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል። አንድ ክፉ አመል አለው፤ በሚያዝያ ካልተዘራ አይደርስም። የበልጉ ዝናብ በየዓመቱ ሲከዳን ጊዜ ሁላችንም ቶሎ ወደሚደርሰው አጭሩ ማሽላ ዞርን። አይታማም፣ በረሃብ አልጣለንም። አገዳው ግን ለአንዲት ላም እራት አይበቃምና ከብቶቼ አልቀው ሁለት በሬ ብቻ ቀረኝ። እነሱም የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል።

ዘንድሮ በሚያዝያ፣ ማን እንዳማለደን እንጃ፣ ዘነበ። ማሳዬ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አርሼ እንደጨረስኩ ጅጉርቴ ፍለጋ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እኔ እኮ ካንተ አላጣም ብዬ ነው ዘር ማኖሩን የተውኩት» አለኝ።

ጎብዬ ከተማ ወረድኩ። እዚያ ያሉት ዘመዶቼም ከእኔ ዘር ሊጠይቁ እየተነሡ ሳለ ደረስኩባቸው። ሁሉም ዘሩን ያኖረው በሰው ቤት ነበር።

በመጨረሻ፣ ሮቢት ከተማ የሚኖሩት አያ ይመር ሦስት የጅጉርቴ ዛላ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅለው አኑረዋል የሚል ወሬ ሰማሁ። ሦስት ዛላ ምን ያደርጋል አትበሉ፤ በዓመቱ ማሳ፣ በሁለት ዓመቱ አገር ይሞላል። ስደርስ እሳቸው እርሻ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ «በሞቴ ግባ» ብለው አስቀመጡኝ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ እንግዳ ሳይቀምስ አይጠየቅም። ጓዳ ገብተው ቆዩና ትኩስ የማሽላ ቆሎ ይዘው ብቅ አሉ። በእግሬ ነበር የመጣሁት፣ እፍኝ እፍኝ አልኩት። ሲጣፍጥ!

አያ ይመር ሲገቡ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

«አልሃምዱሊላህ! ለዚህ ቀን ብዬ ነው ያኖርኩት» ብለው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ባዶ ገመድ። ከዚያ ሳህኑን አዩ። ከዚያ ሚስታቸውን።

እትዬ ዘሀራ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። «ቤት ውስጥ ሌላ እህል የለም። እንግዳ አፉ ደርቆ ይሂድ?»

ሳህኑ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ቀርቷል። ምናልባት እሳት ያልነካት አንዲት ፍሬ ትኖር እንደሆነ ብለን ሦስታችንም አጎንብሰን ፈለግን። የለችም። እትዬ ዘሀራ ግን ሙያ ነበራቸው፤ አንዷም ሳትቀር እኩል በስላለች።

አያ ይመር ከሳህኑ ላይ ቀና አሉ። ኋላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ብላ እንጂ ልጄ፤ እንግዳ አያስተርፍም።»

በላሁ።