ጨው የሌለው ቅዳሜ

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እኔና ባለቤቴ ስንዱ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ካለው ብቸኛ የህንድ ምግብ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ያዘዝነው ምግብ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ቀረበ። ጨው አልነበረውም።

ዜናው ይኸው ነው። በሬዲዮ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቁሜ ወደ አየር ጠባዩ እሻገር ነበር። እናንተ ግን ለማንበብ ስለተቀመጣችሁ ትንሽ ልጨምር።

እኛ ሰዎች ግራ የምናጋባ ነን። ለአንድ ክንድ ድንበር ፍርድ ቤት ተመላልሰን ጫማ እንጨርሳለን፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ሊቀመንበሩን እናፋጥጣለን፤ ሳህን ፊት ሲቀርብልን ግን አንደበታችን ይታሰራል። አስተናጋጇ «እንዴት ነበር?» ስትለን «በጣም ጥሩ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ» እንላለን። ከዚያ ገና የበሩን ደረጃ ወርደን ሳንጨርስ «ሁለተኛ እግሬን አላነሳም» እንባባላለን። ባለ ምግብ ቤቱ የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እናም ተመርቆ ተመርቆ ይዘጋል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኔ ግን በዚህ ከተማ ዝም ተብለው የነቀዙ ሦስት ምግብ ቤቶች አውቃለሁ። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ለራሴ ወሰንኩ፦ ጨው ከሌለው ጨው የለውም እላለሁ። የሚቀየም ይቀየም።

አሁን ወደ ቤቱ ልውሰዳችሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዘነበች ትባላለች፤ የሸኮ ልጅ ናት። ቴፒ ያስተምሩ ለነበሩ ህንድ መምህራን ለዓመታት ምግብ ስትሠራ ኖራለች። መምህራኑ ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእጇ የቀረው ሙያው ብቻ ነበር። በዚያው ሙያ ሚዛን መጥታ ቤት ተከራየች፤ ሁለት ሴቶች ቀጠረች። «ይሄ ካልሆነልኝ ሸኮ ተመልሼ የወንድሜን ቡና ለቃሚ ነው የምሆነው» እያለች ትቀልድ ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከተማው ደግሞ ኮርቶባታል። ከቴፒ ስትመጡ እርዱ መንገድ ዳር ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ ተጠምጥሟል፤ ኮረሪማውና ዝንጅብሉ ከጓሮ ይወጣል። የህንድ ምግብ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስለናል እንጂ ቅመሙስ የእኛው ጎረቤት ነው። እንዲህ ባለ አገር አልጫ ማቅረብ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

እንሂድ ያለችው ስንዱ ናት። ዶሮ ካሪ፣ ዳል የሚሉትን የምስር ወጥ፣ ሩዝና ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ አዘዝን። ጠበቅን። ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ወጣት መምህራን ከእኛ በኋላ ገቡ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ያው ያዘዝነው ዓይነት ምግብ ቀረበላቸው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ በልተው፣ ግንባራቸውን በሶፍት ጠርገው ሄዱ። ይህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ ስንዱ፣ «ምሳ ልንበላ ነው የመጣነው ወይስ ምርጫ ልንታዘብ?»

ዘነበች በአጠገባችን ባለፈች ቁጥር «ትንሽ ነው ጋሼ፣ እየደረሰ ነው» ትለኛለች። «ትንሽ» ሚዛን ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

በመጨረሻ መጣ። መልኩ ቢጫ ነው፤ እርዱን አልነፈጉትም። ከመልኩ በስተቀር ግን ምንም አልነበረውም። ዶሮው ለአራስ የተቀቀለ፣ ምስሩ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን የተዘጋጀ ይመስላል። በርበሬ የለ፣ ቁንዶ በርበሬ የለ፣ ጨው የለ። ስንዱ ቻፓቲዋን እየቆረሰች በእርጋታ ትበላለች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ይጣፍጣል፤ ብላ።»

ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ የሚስትን ውሸት ለመለየት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ይሉኝታ ይዟታል አልኩና ዘነበችን ጠርቼ ጨው እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት። ዘነበች እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያየች «ጨው አልቋል ጋሼ» አለችኝ።

ምግብ ቤት ውስጥ ስኳር ያልቃል፤ ለስላሳ ያልቃል፤ ሻይ ቅጠልም ሲያልቅ አይቻለሁ። ጨው ያለቀበት ምግብ ቤት ግን ሰምቼም አላውቅ። ተነሣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ከፊት ለፊቱ ሱቅ አንድ እሽግ ጨው ገዛሁ። ሄጄ ለመመለስ የወሰደብኝ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ስመለስ ጠረጴዛው ተወልውሎ ያበራል።

«ሳህኔስ?»

«አነሳችው፤» አለች ስንዱ፣ እጇን እየጠረገች።

«ሳልበላ?»

«ጠግበህ የወጣህ መስሏት ነው።»

የጨው እሽጌን እንደያዝኩ ቆምኩ። በሥራ ዘመኔ ከብዙ ስብሰባ ተባርሬ አውቃለሁ። ከሳህን ስባረር ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በአካባቢያችን ሬዲዮ ስለ ከተማው አገልግሎት የምናገርበት አሥር ደቂቃ አለኝ። የመንገዱን ጉድጓድ ተናግሬበታለሁ፤ የውኃውን መጥፋት ተናግሬበታለሁ። የምሳው ጉዳይ የማይነገርበት ምክንያት አልታየኝም። የሙያ ግዴታዬን ግን አልዘለልኩም። ከስርጭቱ በፊት ለዘነበች ደወልኩ።

«ምግቡ ለምን ዘገየ?» አልኳት። «ጨውስ ለምን አልነበረውም?»

«ያዩትን ይናገሩ ጋሼ፤ እኔ የምለው የለኝም።»

ያየሁትን ተናገርኩ። የገባንበትን ሰዓት፣ የቀረበበትን ሰዓት፣ ቀድመውን የተስተናገዱትን ሁለት ሰዎች፣ ያለቀውን ጨው። አንድም ቅጽል አልጨመርኩም። ስትጠየቅም ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም አልኩ። ማሳረጊያውን አባቶች ከእኔ በፊት አዘጋጅተውት ነበር፦ ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል።

የቤቱን ስም አልጠራሁም። አንድ የህንድ ቤት ባለበት ከተማ ስም አለመጥራት ምን እንደሚጠቅም እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በዘነበች በር ሳልፍ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው አያለሁ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷን አሰናበተች። የድምፅ ባለሙያችን ታደሰ የማጂ ሰው ነው፤ ቁጣውን ሁልጊዜ በዝግታ ነው የሚያወጣው።

«አንድ ያለንን የህንድ ቤት ልታዘጋው ነው፤» አለኝ።

«ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት አለ?»

«የለም። ግን እኛ አገር እውነት ሲነገር ሰውዬውን ገለል አድርገው ነው።»

«እናንተ አገር ሬዲዮ ጣቢያ የለማ።»

«ለዚህ ነዋ ተስማምተን የምንኖረው።»

አልተበገርኩም። ሐሰት ያለበት ቃል አሳዩኝ፣ እዚያው አነሳዋለሁ አልኩ። ያሳየኝ የለም። ነገር ግን ተቃውሞው ከቤቴ ተነሣ። ስንዱ የእድር ጓደኞቿን ሰብስባ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘነበች ቤት ምሳ መብላት ጀመረች።

«የት ነበርሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ህንድ ቤት።»

«በሬዲዮ የተናገርኩትን አልሰማሽም?»

«ሰምቼ ነው የሄድኩት።»

ይህንን በዝምታ ባልፈው ደስ ባለኝ። ችግሩ ሴቶቹ ተመልሰው የሚያወሩት ነው። አንዷን ካሪው አስለቀሳት፤ ሌላዋ ከምስሩ በሳህን ጭና ለባሏ ወሰደችለት። ባልየው በማግሥቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ምላስህን ለሐኪም አሳየው» አለኝ። ሁለት ምስክሮች ስለ አንድ ድስት ሁለት ነገር ከተናገሩ አንዱ ተሳስቷል፤ ወይም ድስቱ ሁለት ነው። በሙያችን በዚህ ጊዜ የሚደረገው ተመልሶ መሄድ ነው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ታደሰን ይዤ፣ ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። ሁለታችንም ዶሮ ካሪ አዘዝን። የታደሰ በአሥራ አራት ደቂቃ ደረሰ። የእኔ አሁንም ዘገየ። ታደሰ ጨዋ ነው፤ የእኔን ልጠብቅ ብሎ እጁን ሰበሰበ። በመጨረሻ የእኔም መጣ። ቀመስኩት፤ ያው የቅዳሜው ነው። ቻፓቲዬን ወደ ታደሰ ሳህን ላክሁ። ጨዉ ልኩ ነው፤ ቁንዶ በርበሬው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ከሥሩ ኮረሪማው አለ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ዶሮ በልቼ አላውቅም።

«ዘነበች፣ ነይ እስቲ። እነዚህ ሁለት ሳህኖች ከአንድ ድስት ናቸው?»

መጀመሪያ ታደሰን አየች፤ ቀጥሎ እኔን።

«አይደሉም ጋሼ።»

የፊቷን ላብ በክንዷ ጠረገች።

«የዚያን ቅዳሜ ከቤት ልትወጡ ስትሉ እትዬ ስንዱ ደወሉልኝ። ‹ሐኪሙ ጨውና የሚያቃጥል ነገር ከልክሎታል፣ እሱ ግን የቤቱን ምግብ እየገፋ ውጭ ውጭውን ይበላል፣ አንቺ ጋ እንኳ ሳያውቅ አልጫውን ይብላ› አሉኝ። ዶሮው ከሌሊት ጀምሮ በጨውና በቅመም ተዘፍዝፎ ነው ያደረው። ገበያ ልኬ ሌላ አስገዛሁ። ምስሩንም እንደ አዲስ ጣድኩት። እትዬም ለእርስዎ የተሠራውን አብረው በሉ።»

«ስደውልልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አደራ ብለውኛላ። ደግሞስ ምን ልበል ጋሼ? የእርስዎን ሕመም በእርስዎ ሬዲዮ ልናገር?»

ታደሰ ሳቁን ሳል ለማስመሰል ሞከረ።

«ዛሬስ?»

«ባለፈው ቅዳሜ እትዬ መጥተው ‹ጎዳሁሽ፣ ከእንግዲህ ከጠየቀሽ ንገሪው› አሉኝ። ዛሬ ጠየቁኝ።»

ቤት ስደርስ ስንዱን በቀጥታ ጠየቅኳት፦ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሐኪሙ ነግሮህ ነበር እኮ፤» አለች።

ነግሮኛል። የደም ግፊቴን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ወረቀቱንም ከማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ አስገብቼዋለሁ። በእጄ የነበረ መረጃ ነው፤ ያልዘገብኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። ማረሚያ አላነበብኩም፤ የሚታረም ቃል አልነበረውም። የጎደለውን ግን ጨመርኩ። «ከዚህ ቀደም ጨው የለውም ያልነው ምግብ በእርግጥ ጨው አልነበረውም፤» አልኩ። «ጨው እንዳይገባበት ያዘዘችው የዚህ ዝግጅት አቅራቢ ባለቤት ናት። አቅራቢው ግፊት አለበት። ምግብ አብሳይዋ ምላሽ ያልሰጠችው የአቅራቢውን ገመና ለመሸፈን ነው።» ታደሰ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ አንገቱን ደፋ፤ ይሳቅ ይዘን አላየሁትም። ስለ ሳህን ዝም ማለትን ዛሬም አልደግፍም። ጨው የሌለው ነገር ካጋጠማችሁ ተናገሩ፤ ግን ማን እንዳዘዘው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከወር በኋላ ስንዱ ከዘነበች ቤት አንድ ወሬ ይዛ መጣች። አላመንኳትምና ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አረጋገጥኩ። ዘነበች ያሰናበተቻትን ሴት መልሳለች። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የምግብ ዝርዝር በስተመጨረሻ በእጅ ጽሑፍ «የጋዜጠኛው» የሚል ተጨምሯል። ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ለብቻው ድስት ተጥዶ የሚሠራ ነው፤ እስኪደርስ ይቆያል። በዚያ ሰዓት ሰው የተቀመጠባቸው ዘጠኝ ጠረጴዛዎች ነበሩ። አምስቱ እሱን አዝዘው እየጠበቁ ነበር።