ወደ ባሕር በዘመድ በኩል

አክስቴን ከድጃን «ባሕር አሳይዎታለሁ» ብዬ ወልቂጤን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ካርታ የምታውቁ ሰዎች ሳቃችሁን ልቀቁት። ከቡታጅራ ለሚነሣ ሰው ባሕሩ በስተምሥራቅ ነው፤ ወልቂጤ ግን በስተምዕራብ፣ ከተራራው ማዶ ናት። ፊትን ሊታጠብ ወጥቶ ማጅራትን አጥቦ እንደመመለስ ያለ ነገር ነው።

እኛ ጉራጌዎች መንገድን የምንለካው በዘመድ ነው። «አዳማ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብትሉን፣ መልሱን በመንገዱ ዳር ሱቅ የከፈተው የአጎት ልጅ ብዛት ይወስነዋል። የዘመድን ደጅ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ቂም ገዝቷል፤ ገብቶ «ውኃ ብቻ ልጠጣ» ያለ ደግሞ ባለቤቱን ሰድቧል። ስለዚህ የምንነሣበትን ቀን እናውቃለን። የምንደርስበትን አላህ ያውቃል።

የባሕሩን ነገር ያመጡት የአክስቴ ባል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ይነግዱ ነበር። ለአረፋ አገር ቤት በገቡ ቁጥር «ባሕር ማዶ የለውም» ይላሉ። አክስቴ «ማዶ የሌለው ውኃ የታባቱ! አንተ ውሸታም» ይሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሲከራከሩ ኖረው ባልየው ሞቱ፤ አክስቴም ተከራካሪ አጥተው ቀሩ። አንድ ቀን ታዲያ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ሄጄ ልየው። እውነቱን ከነበረ መቃብሩ ላይ ቆሜ አፉ በለኝ ልበለው» አሉኝ።

በዚያ ዓመት አረፋ ከትምህርት ቤት የጥር ዕረፍት ጋር ገጥሞ ነበርና፣ አስተማሪ ስለሆንኩ ዕቅድ ማውጣቱ ለእኔ ተሰጠ። የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ሰነባብቷል፤ ስለዚህ ጅቡቲ። ከዘቢዳር ተራራ ሥር ተነሥተን፣ በቡኢና በጥያ አዲስ አበባ ገብተን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ የአፋርን በረሃ ጨርሰን ባሕር! ሚኒባስ ተከራየን። አክስቴ ፓስፖርት አወጡ፤ ፎቶግራፉ ላይ ባሕሩን ከወዲሁ የተቆጡት ይመስላሉ።

ከዚያ ዘመድ ለምክር ተሰበሰበ። ጅቡቲን ያነሣ ግን አልነበረም።

«አዳማ ላይ የሸሪፍን ልጅ ሳታዩ ልታልፉ ነው?»

«የአዋሿ ምራታችን ስትወልድ መች ጠየቅናት!»

«ይሄ ሁሉ ሩቅ ዘመድ ተጠይቆ፣ እዚሁ አጠገባችን ያለው የወልቂጤ ዘመድ ምን ይለናል?»

ይህችን የመጨረሻዋን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ወልቂጤ የዞኑ ከተማ ናት፤ እኔም ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ ቡታጅራ ለመዛወር እዚያ የምከታተለው ጉዳይ ነበረኝ። በአክስቴ መኪና ጉዳዬን ልጨርስ! ለዘመድ የተቆረቆርኩ መስዬ ስናገር ሁሉም «አላህ ይባርክሽ» አለኝ። ዛሬ አርባን አልፌ እንኳ ያ ምርቃት ይኮሰኩሰኛል።

ወልቂጤ አንድ ሌሊት ልናድር ነበር። የመጀመሪያው ቤት አረደልን። ሁለተኛው ቤት የመጀመሪያው ማረዱን ሰምቶ አረደ። ሦስተኛው ተቀየመና በሬ ጎተተ። ክትፎ የቀረበለት ሰው ስለ ባሕር አያወራም። እኔ በአረፋ ማግሥት ቢሮ ለቢሮ ስዞር፣ አክስቴ በየቤቱ ሲበሉና ሲመርቁ፣ ዕረፍቱ አለቀ። ሹፌሩም «ሌላ ሥራ ይዣለሁ» አለ።

ኅሊናዬ ሲቆረቁረኝ፣ ከመመለሳችን በፊት አክስቴን ጊቤ ድልድይ ድረስ ወሰድኳቸው። «ይኸው ውኃ» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው ብዙ ቆመው አዩ። «ያምራል» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «ማዶው ላይ ግን ላም ትግጣለች።»

ዝውውሬ ሰመረ። ለክፋቴ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ሰሞኑን ልቤ አልችል ብሎ እውነቱን ነገርኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። «አንቺ ሞኝ! ያኔ ብትነግሪኝ ወልቂጤ በሌላ ቀን በአውቶቡስ አንሄድም ነበር?» አሉኝ። ቀጥለውም «በይ አሁን መቼ ነው? ጉልበቴ ሳይከዳኝ» አሉ።

በጥር ነው። ፓስፖርቱ ታድሷል፣ አስፋልቱም ተሠርቷል። ሹፌሩን የመረጥኩት በመንገዱ ላይ አንድም ዘመድ ስለሌለው ነው። አክስቴ መቃብሩ ላይ የሚሉትን ከወዲሁ አዘጋጅተዋል፤ ባልየው ዋሽተው ከነበረ አንድ፣ እውነታቸውን ከነበረ ሌላ። ሁለተኛውን ብቻቸውን ሲለማመዱ ሰምቻቸዋለሁ። ድምፃቸው የሙሽራ ነው።

እንግዲህ በቡኢ፣ በጥያ፣ በአዳማና በአዋሽ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ይህንንም የምታነቡ ሁሉ፣ በጥር አንዲት ነጭ ሚኒባስ ደጃችሁን ሳትቆም ስታልፍ ታያላችሁ። አክስቴ መስኮቱ ጋ ናቸው። ከወንበሩ ሥር ያጎነበስኩት እኔ ነኝ። ድግሱ ይቅርብን፤ አትጥሩን። ደግሞም ይቅር በሉኝ።