የጳጉሜ ስድስት ደቦ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ኮድ በደቦ ሲታረም አየሁ። ከመተኛቴ በፊት የሆነውን ካልተናገርኩ ግን ሕልሙን የፈጠርኩት ይመስላል።

አከራዬ እትዬ በለጥሻቸው የተወለዱት ጳጉሜ ስድስት ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። መታወቂያ ሊያወጡ ወረዳ ቢሄዱ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላቸው። ጸሐፊዋ ሌላ ቀን ይምረጡ ብትላቸው ተቆጥተው ተመለሱ። ያ ኮምፒውተር ቀን የሚቆጥረው ደግሞ እኔና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች በነጻ በምንሠራው ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስህተት ያየ ሰው ገብቶ ያርመዋል። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ ማንም የጻፈው መስመር ሌላ ሰው ሳያየው አያልፍም። ትናንት አመሻሽ ላይ መፍትሔው ተገለጠልኝ። ጅማ ያለችው ባልደረባችን ሀያት እስክታየው መጠበቅ ነበረብኝ። ደስታው አላስችል ብሎኝ ራሴ ጽፌ ራሴ አሳለፍኩት፤ እትዬንም «ነገ ወረዳ ይሂዱ፣ ይቀበልዎታል» ብያቸው ተኛሁ።

በሕልሜ ወረዳው ደጃፍ ቆሜአለሁ። ሠራተኞቹ ፋይላቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ኃላፊው ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ፣

«እባካችሁ፣ አንድ ሰው ብቻ ላገልግል» እያለ ይለምናል።

አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ አለችና «ዛሬ አገልጋይ በዝቶብናል፤ ነገ ተመለስ» አለችው። አንጀቴን በላው።

ወዲያው የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው «የጳጉሜ ስድስትን ኮድ አረም ውጦታል፤ ያልመጣ ይሸለማል» ብሎ ለፈፈ። ሽልማቱን የፈለገ ግን አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ ነቅሎ ወጣ። ተሳፋሪዎች ታክሲውን በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። ሹፌሩ ከውስጥ «ወራጅ አለ» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ከአስፋልቱ ማዶ ኮዱ እንደ በቆሎ በመስመር በመስመር በቅሏል። ሦስት ዓመት ሙሉ በስማቸው ብቻ የማውቃቸው በጎ ፈቃደኞች እዚያ አጎንብሰው ያርማሉ። የመቀሌው አለ፣ የጅግጅጋው አለ። አንዱ ትርፍ ቅንፍ ነቅሎ ወደ ላይ ሲያነሳ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሀያት አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋ መጣች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«መርማሪያችን ናት። ጤነኛውን መስመር ታልፈዋለች፤ የታመመውን ትጭረዋለች።»

እርሻው መሃል ስህተቱ ራሱ ክራባት አስሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ማነው እዚህ ያስቀመጠህ?» አልኩት።

«በደብዳቤ ተመድቤ ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን ይበቃታል ብዬ ወስኛለሁ።»

«ተነሣ።»

«ከነወንበሬ ከሆነ እሺ።»

ከነወንበሩ አንስተን አስፋልቱ ላይ አወጣነው። እሱ በነበረበት ቦታ የኔን መስመር ተከልኩ። ዶሮዋ ሌላውን ሁሉ ትታ ቀጥ ብላ ወደኔ መስመር መጣችና ትጭረው ጀመር።

«ዳምጤ፣ መስመርህን እየጫረችው ነው» አለች ሀያት።

«ርቧት ይሆናል።»

«በልታ ነው የመጣችው። እስኪ ቆም በልና እየው።»

ማን ይቆማል? ሕዝቡ እጁን ለጭብጨባ አንስቶ እኔን ይጠብቃል። እትዬ በለጥሻቸውም ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሰው፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ አንግተው ከሕዝቡ መሃል ብቅ አሉ።

«ዳምጤ ልጄ፣ ፍጠን እንጂ። ደወሉ ሊደወል ነው» አሉኝ።

ቅርጫት አነሳሁና ዶሮዋ ላይ ደፋሁባት። ሜዳው በጭብጨባ ፈነዳ። የወረዳው ኃላፊ ሳይቀር ከሰልፉ ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ትከሻው ላይ አወጣኝ። ከላይ ሆኜ ሀያትን አየኋት፤ እሷ ብቻ አላጨበጨበችም። ዶሮዋ ከቅርጫቱ ስር ትጮሃለች። ጩኸቷ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ።

ስነቃ የሚጮኸው ስልኬ ነው። ረፍዷል። እትዬ በለጥሻቸው ናቸው።

«ዳምጤ፣ ወረዳ ነኝ። ቀኔን ተቀበለኝ።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። «አላልኩዎትም እትዬ? ታዲያ መታወቂያውን ያዙት?»

«ቆይ እስኪ፣ አስጨርሰኝ። ጳጉሜ ስድስት በአራት ዓመት አንዴ አይደለች የምትመጣው? ኮምፒውተራችሁ የመጣችውን ብቻ እየቆጠረ አሥራ ስድስት ዓመት አድርጎኛል። ልጅቷ ዕድሜዎ አልደረሰም፣ ወላጅ ይዘው ይምጡ አለችኝ።»

የሀያት ፊት መጣብኝ።

«በል አሁን ቶሎ ለባብሰህ ና» አሉኝ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አባቴ መንገድ ላይ ነው ብያታለሁ።»