አያ ዳምጤ የደበቁት ሸለፈት

ወንድ ልጅ ጥርሱን ሲያመው አፉን ከፍቶ ለመንደሩ ሁሉ ያሳያል። እሾህ ቢወጋውማ ጎረቤት ተጠርቶ ካላየለት አይድንም። ከቀበቶው በታች ያመመው ቀን ግን ሚስቱም ባዕድ ትሆንበታለች። ለምን ይሆን? እኛ ሴቶች ስንት ልጅ በሰው ፊት ስንወልድ ማን ሸሸገን?

ባለቤቴን አያ ዳምጤን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በደብረ ኤልያስ ዙሪያ የማያውቃቸው አልነበረም። የእድር ዳኛ፣ የተጣላ አስታራቂ፤ ቆመው ሲናገሩ ውሻ እንኳ አይጮህም። እኒህ ሰው አልተገረዙም ነበር። አትደንግጡ፤ እኔ በሙሽርነቴ ለሁላችሁም ደንግጬላችኋለሁ።

በእኛ አገር ወንድ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። የእሳቸው ስምንተኛ ቀን ስቅለት ላይ ዋለ። ገራዡ “በስቅለት ደም አላፈስም፤ ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ” ብሎ ሄደ፤ በዚያው ታሞ ቀረ። እናትየዋ ቀኑ ማለፉ አሳፍሯት “ተገርዟል” ብላ አወራች። በቃ፣ በአፍ ተገረዙ። ወሸላ መባል ደግሞ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን ጠበል የሚጠመቁት ሰው ሳይኖር፣ ብቻቸውን ነበር።

ስድሳ ሊደፍኑ ሲሉ ቆዳው አብጦ ወደ ኋላ አልመለስ አላቸው። ሽንት በመጣ ቁጥር የአጥር እንጨት ጨብጠው ያቃስታሉ። ምን ሆኑ ስላቸው “ወገቤን ነው” ይሉኛል። ወገብ በአረቄ ይታጠባል እንዴ? በልብስ ሳሙና ሲፈትጉት ከረሙና፣ አልሻል ሲላቸው አረቄ አፈሰሱበት። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ዱላ ይዞ መጣ። ጊንጥ ነው ብዬ መለስኩት። ጊንጡን ካልገደልኩ ብሎ ደግሞ ግማሽ ቀን ድንጋይ ሲገለብጥ ዋለ።

ያን ዕለት አጠገባቸው ተቀመጥኩና “እስኪ ያሳዩኝ” አልኳቸው።

“አንቺ ሴት፣ አታፍሪም?”

“ስድስት ልጅ ከማን የወለድኩ መሰለዎ?”

ጋቢያቸውን ገለጡልኝ። ውሃ ለብ አድርጌ፣ ያለ ሳሙና፣ በግድ ሳልስብ በቀስታ አጠብኩላቸው፤ በንጹሕ ነጠላ ጫፍ አደረቅሁላቸው። ቀልቷል፣ መግል ይዟል። እኚህን ሰው በኀፍረት ምክንያት ልቀብራቸው ነው? ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው።

“ሞቼ ነው! ነገ በእድሩ ላይ ወሸላው ሲሉኝ ልትሰሚ?”

“ሽንትዎ ተዘግቶ ቢሞቱስ? ሬሳዎን የሚያጥበው ዓይን የለውም?”

ይህን አላሰቡትም ነበር። “መቼ ነው የምንሄደው?” አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ ሰው ያውቀኛል ብለው አሻፈረኝ ስላሉ ደጀን ድረስ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ በአንድ ጎናቸው ተቀምጠው፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ዓይናቸውን እየጨፈኑ። ሐኪሙ የልጃችን እኩያ ነው። ለአባቱ እንደሚያደርግ አድርጎ አያቸው፤ ደማቸውን መረመረና ስኳር አለብዎት አላቸው። ስኳር ያለበት ሰው ቆዳው እዚያ ላይ ቶሎ ይቆጣል አለ። ሳሙናውንና አረቄውን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ቅባቱን መቀባት፤ ሌላ ምንም የለም አለን። ስንት ወር ደብቀው ያቃሰቱበትን ነገር ልጁ እንደ ጉንፋን ቆጠረው! አንዲትም ቃል አላሾፈም። ቅባቱን እኔ ያዝኩ፣ የስኳሩን ክኒን እኔ አስታወስኩ። እብጠቱ ሲጎድል፣ ስኳሩ ሲወርድ፣ ተመልሰን ሄደን ተገረዙ። ሐኪሙ ድነዋል ሲለን አያ ዳምጤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ወር ሳይሞላ የልጃችን ልጅ ተወለደና የመገረዣው ቀን ደረሰ። ሕፃኑ ሲያለቅስ አያ ዳምጤ በእድርተኛው ሁሉ ፊት ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “ወንድ ልጅ ለዚህ ያለቅሳል? እኔ ስገረዝ ትንፍሽም አላልኩ!”

ሰው ሁሉ ይሆናል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ደጀን ላይ የማደንዘዣው መርፌ ገና ሳይነካቸው “እምዬ!” ብለው ሲጮኹ፣ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት በሽተኞች ሁለቱ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።