ቀይ ቀለም የተነፈገው ቧንቧ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ሌላው ሰው ዕድሉ መቼ እንደ ጠመመበት ሲጠየቅ ሽቅብ ሰማይ ያያል። እኔ ግን ቀኑን ብቻ ሳይሆን የቀለሙን ዓይነት ጭምር እነግራችኋለሁ። ሰው ከፈረስ ይወድቃል፣ ከሹመት ይወድቃል፤ ከቀለም የወደቀ ከእኔ ሌላ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምሬ እንደ ወጣሁ የተመደብኩት ሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት ነበር። ሥራዬ የከተማዋን ጠቅላላ ፕላን ማዘጋጀት ነው። ጠቅላይ ግዛቱ መርማሪዎች ይልካል፤ መንገዱ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ ቄራው፣ ውሃው ተሟልቶ እንደሆነ በፕላኑ ላይ ያያሉ፤ የጎደለው ይሰጣል ተባለ። ይሰጣል! ይህን ቃል የሰማ አዲስ ምሩቅ አርፎ ይቀመጣል?

እኔን ያሳሰበኝ ከሁሉ በፊት ውሃው ነበር። ያከራዩኝ እትዬ ማርታ በየማለዳው ገንቦ አዝለው ቁልቁል ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ሽቅብ እያለከለኩ ይወጣሉ። እኔ ምሁሩ ደግሞ በዚያው ውሃ ፊቴን ታጥቤ ስለ ውሃ ችግር ልጽፍ ቢሮ እገባለሁ። አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው ቁጭ ሲሉ አየሁና አፌ አመለጠኝ፤ በዚህ ዓመት ቧንቧ ከደጅዎ አስገባለሁ አልኳቸው። እትዬ ማርታ ቃል የሚረሱ ሴት አይደሉም። ለጎረቤቱ ሁሉ በሀዲይኛ አወሩት። ከዚያ ወዲያ ገንቦ ያዘሉ ሴቶች ባለፍኩ ቁጥር "የቧንቧው ባል መጣ!" እያሉ ይሳሳቁብኝ ጀመር።

ፕላኑን በደንቡ መሠረት በሁለት ቀለም ሠራሁት። ያለው በጥቁር፣ የሌለውና የሚያስፈልገው በቀይ ነጠብጣብ። ጥቁሩ እንደ ማስተዛዘኛ ጥቂት ነበር፤ ቀዩ ግን ወረቀቱን ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን አስመሰለው። ሰኞ ማለዳ ፈረምኩበትና መንገድ ልለካ ወደ ፎንቆ ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን በምሬቴ መካከልም ቢሆን እመሰክራለሁ። ከሰሜን የመጡ፣ በወጣትነታቸው ቁም ጽሕፈት ተምረው ብራና የጻፉ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘንድ በቀይ ቀለም የሚጻፈው የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። ታዲያ ሰኞ ዕለት ፕላኑን ሲዘረጉ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ቄራ በቀይ! የሕዝብ ሽንት ቤት በቀይ! ሦስት ጊዜ አማተቡ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ብዕራቸውን ቀርጸው፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ቀዩን ሁሉ በጥቁር ደረቡበት። ነጠብጣቡ ቅር ስላላቸውም አንድ በአንድ አገጣጠሙት። እኔን ከድፍረት ኃጢአት ማዳናቸው ነበር።

ማክሰኞ እኔ ከፎንቆ ገና ስመለስ መርማሪዎቹ በላንድሮቨር መጡ። ከጭቃው ጋር ሲታገሉ አርፍደው ስለ ነበር ከተማዋን ዞሮ ማየት ቀረና ሥራው ቢሮ ውስጥ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ሆነ። እጅ የሚያስታጥቡት እትዬ ማርታ ነበሩ፤ ለእንግዳ ውሃ አምጪ ተብለው ተጠርተው። የመርማሪዎቹ አለቃ እየታጠቡ፣ ውሃችሁ እንዴት ይቀዘቅዛል፣ ቧንቧ እኮ መልካም ነገር ነው አሉ። ያኔ ነው ዓይኔ ፕላኑ ላይ ያረፈው። አንድም ቀይ ነጠብጣብ የለም።

አለቃው ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እየነዱ፣ መንገድ አለ፣ ቄራ አለ፣ ቧንቧ አለ እያሉ ወረዱ። በጠቅላይ ግዛቱ እንዲህ የተሟላ ከተማ አላየሁም ብለው የባላምባራስን እጅ ጨበጡ። ቧንቧው የለም ጌታዬ፣ ቀለሙ ተለውጦ ነው ብዬ ጮህኩ። ፊርማው የማን ነው አሉኝ። የኔ ነው አልኩ። "ታዲያ ከአፍህና ከፊርማህ የትኛውን ልመን?" ባላምባራስ ክርኔን ቆንጠጥ አድርገው፣ አንተ ልጅ፣ ሰው ሲያመሰግንህ ዝም ማለት ልመድ ሲሉ በጆሮዬ ገሠጹኝ። እትዬ ማርታ ባዶ ገንቦአቸውን ታቅፈው ያዩኛል። ምነው በተሳደቡ!

ለሆሳዕና የታሰበው ቧንቧ ስሟን ወደማልጠራት ከተማ ሄደ። እዚያ ጥቁር ቀለም አልቆባቸው ኖሮ በየቀኑ የሚሻገሩበትን ድልድይ እንኳ በቀይ ሥለውት ነበር አሉ። እኛ አቤት ብንል፣ ያላችሁን ቧንቧ ጠግኑ የሚል ደብዳቤ መጣ። ቀጥሎም የሚጠገነውን የሚያይ ተቆጣጣሪ መጣ፤ አስቆፈረ፤ ቧንቧ የለም። ፈራሚው ማነው? እኔ። የከተማውን ቧንቧ የት አደረስከው ተባልኩ!

ባላምባራስ ሊያድኑኝ በገዛ ፈቃዳቸው ቀርበው መሰከሩ። ልጁ ሌባ አይደለም፣ ቧንቧውንም እኔ ራሴ በእጄ ጽፌዋለሁ አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ጸሐፊው ምን ብሎ መዘገበ? ቧንቧው መኖሩ በሁለተኛ ምስክር ተረጋገጠ።

እነሆ ዳምቦያ አስተማሪ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ መዝገቤ ላይ ቧንቧ አጥፊ እንደ ተባልኩ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ያልፈሰሰውስ ይሰረቃል? ስንት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

እሺ፣ የእኔ ይቅር። ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር እትዬ ማርታ ገንቦአቸውን ከጀርባቸው አውርደው፣ ልጄ፣ ቧንቧው የት ደረሰ ይሉኛል። ስለዚህ ያን ማክሰኞ እጅዎን የታጠቡት ጌታ ሆይ፣ ይህን የሚያነቡ ከሆነ ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው ይመልሱላቸው፤ ያ የቀዘቀዘ ውሃ በየትኛው ቧንቧ መጣ?