ጋዝ አስቀያሪዋ እትዬ ኖኒ

በየሰፈሩ የራሱን ኑሮ ጨርሶ የጎረቤቱን ካላስተካከልኩ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ መድኃኒት ያዛል፣ ሌላው ስለ ትዳር ይመክራል። ኮርክ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ግድግዳ ተጋርተን ለምንኖረው ለእኛ የደረሰን የጋዝ መካሪ ነው። ክብርት ወይዘሮ ኖኒ ክሮሊ! የጋዝ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ፣ ባለቤታቸው ያረፉ፣ ጉልበታቸው ዳገት የማይፈራ፣ አንደበታቸውማ ዕረፍት የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ።

እኛ ዘንድ ለቤት ማሞቂያ ጋዝ የሚያመጣው ቧንቧ አንድ ነው፣ ጋዙም ያው ጋዝ ነው፤ ሻጮቹ ግን ብዙ ናቸው። አዲስ የገባን ደንበኛ ለአንድ ዓመት በቅናሽ እንደ ሙሽራ ያቀማጥሉታል። ዓመቱ ሞልቶ ዝም ካልክ ዋጋው ሹልክ ብሎ ይወጣብሃል። እትዬ ኖኒ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረባቸውም። ዓመታቸው በሞላ ማግስት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላው ሻጭ ይሻገራሉ።

"ታማኝነት ለባል ነው" ይላሉ። "ለጋዝ ሻጭ ታማኝ የሚሆን ሞኝ ብቻ ነው!"

ብቻቸውን ቢሻገሩ ማን ምን ይላቸዋል? መንገዱን ሙሉ አስከትለው ነው እንጂ። ብርዱ ሊገባ ሲል በር ማንኳኳት ይጀምራሉ። "ኮንትራትህ መቼ ነው የሚያልቀው?" ይቀድማል፣ "እንደምን አደርክ" ይከተላል። ቄሳችንን ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ይዘው፣ "አባ፣ የዘላለሙ ገነት ነው፤ የጋዝ ቅናሽ ግን ዓመት ብቻ ነው" ብለው አስቀይረዋቸዋል። ባለሱቁ ታይግ እናቱን በቀበረ ዕለት እጁን ጨብጠው፣ "ነፍሷን ይማር ልጄ። ጋዙ በስሟ ነበር አይደል?" አሉት። ታይግ እያለቀሰ ሳቀ። በሳምንቱ እሱም ቀየረ።

በመንገዱ አልቀይርም ብዬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምክንያት አለኝ። አንድ ክፉ የብርድ ወቅት፣ በገና ማግስት፣ ማሞቂያዬ ሲሞት የኩባንያዬ ሰው በበረዶ መጥቶ ጠግኖልኝ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄዷል። እንዲህ ያለ ውለታ ይረሳል?

"ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ስፔን ቲማቲም ይተክላል!" ይጮኹብኛል እትዬ ኖኒ። "አንተ ግትር፣ እዚህ ሆነህ ውለታውን ለማን ነው የምትከፍለው?"

አንድ ጠዋት ደጃፌ ላይ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። የእሳቸውና የእኔ ቆጣሪ እዚያው ውጭ፣ አንድ ግድግዳ ላይ፣ ጎን ለጎን ነው። ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ወጡና ለአዲሱ ኩባንያ የቆጣሪያቸውን መለያ ቁጥር ማንበብ ጀመሩ። እኔስ ዝም እላለሁ?

"እትዬ ኖኒ፣ ዘንድሮ ደግሞ ማንን ሊፈቱ ነው?"

"ሰባት፣ አራት... አንተን አላገባሁ፣ ምን አገባህ? ...ዘጠኝ... ኋላ ቀር! ...ሁለት።"

እየተሰዳደብን ተጨረሰና ገቡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከኩባንያዬ አንዲት ልጅ ሐዘን በተጫነው ድምፅ ደወለችልኝ። "አቶ ሞሲ፣ ምን አስቀየምንዎት?"

"ኧረ ምንም! ምነው?"

"ትተውን ሊሄዱ ነው እኮ።"

"ወዴት?"

"እሱን ከእርስዎ ልንሰማ ነበር የደወልነው።"

ልጅቷ መዝገቡን ስታጣራ፣ ለመቀየር በወይዘሮ ኖኒ ክሮሊ ስም የተሰጠው ቁጥር የእኔው ቆጣሪ ነው! ወደ እኔ ዞረው ሲሰድቡኝ የእኔን አንብበውታል። ልጅቷ አሁኑኑ ላስቁመው አለች። ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ አልኳት። እንዲህ ያለ ሳቅ ለብቻ አይበላም ብዬ ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ።

ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ሞሲ፣ ሰዉ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ቤቱን የሚሰጠኝ" አሉ። "የታይግንም እንዲህ አበላሽቼ ቢሆንስ? የአባንስ?"

"ኧረ እትዬ ኖኒ፣ ቀላል ነገር ነው።"

"ንገራቸው። ማወቅ አለባቸው። ከእንግዲህ በማንም ቤት አልገባም።"

ለሳቅ ነበር የሮጥኩት። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ታይግ ሱቅ ገባሁ። "አንተ፣ ፊትህ ላይ ወሬ አለ፤ አውጣው" አለኝ። እትዬ ኖኒ ዳቦው መደርደሪያ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። እጃቸው ዳቦው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ኩባንያዬን ለቀቅኩ" አልኩት።

ታይግ አማተበ። "አንተ?!"

"ምን ላድርግ? እትዬ ኖኒ አደከሙኝ። አሳመኑኝ።"

እትዬ ኖኒ ሁለት ዳቦ ገዝተው ወጡ። አንዱን ዳቦ ቤቴ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ለልጅቷም ደወልኩና፣ በቃ ተዪው፣ ስሙ ብቻ ይስተካከልና ልሂድ አልኳት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን ዓመቱ ዞሮ ብርዱ መጣና ማንም በር አላንኳኳም። እትዬ ኖኒ መንገድ ላይ ሲያገኙን ስለ ዝናቡ ብቻ ያወራሉ። ታይግ ሱቁ ውስጥ ይዞኝ፣ "አሟቸዋል እንዴ? ኮንትራቴ አልቆ እኮ ዝም አሉኝ!" አለ። አባም በስብከታቸው መሐል ወደ እሳቸው ወንበር አየት ያደርጋሉ። የሚነዘንዘው ሰው ሲጠፋ መንገዱ ጭር አለ። እኔ ራሴ፣ ያን ሁሉ ዓመት ኳኳታቸውን ስሰማ መብራት አጥፍቼ የምደበቅ ሰውዬ፣ በየማታው ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ መቀመጥ ጀመርኩ። እንዲህ ይናፍቁኛል ብዬ መች አስቤ!

አላስቻለኝም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ዓመቴ ሞላ" አልኳቸው።

"እና?"

"እናማ፣ ዘንድሮ ወዴት ነው የምንሄደው?"

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

"ቁጥሩን መጀመሪያ አንተ ታነባለህ፣ ደግሜ እኔ አነባለሁ" አሉ አንድ እጅጌ እያጠለቁ። "ከዚያ ታይግ ጋ፣ ከዚያ አባ ጋ። እኔ ሳነብ ግን፣ ሞሲ ልጄ፣ ያን አፍህን ትዘጋልኛለህ!"