ዘርፌን የፈተናት ሽንኩርት

ዘርፌ አበጋዝ ያንን ሕልም ያየችው ሌሊት አልጋዋ ላይ ተኝታ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዳማ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ከምታቀርብበት አዳራሽ በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች ነው።

ዘርፌ የመቂ ሰው ናት። በሽንኩርት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ባለሙያ ሆና እየሠራች፣ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰች በአግሪቢዝነስ ማኔጅመንት ማስተርሷን ትማራለች። የሁለት ዓመቱ ትምህርት አራት ዓመት ፈጀባት። ሽንኩርት ሲደርስ ክፍል አትገባም፤ ክፍል ልግባ ስትል ደግሞ ሽንኩርቱ ይደርሳል። ጽሑፏ ባለፈው አንዴ ቀርቦ ተመልሶባታል። ዛሬ ካለፈች አለፈች፣ ካላለፈች ግን የተሰጣት ጊዜ አልቋል። ለሦስት ቀን በቅጡ እንቅልፍ አላየችም። ከሐዋሳ የሚመጣው የውጪ ፈታኝ ሲዘገይባት፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ሸለብ አደረጋት።

ወዲያው የአዳራሹ በር ተከፈተና ስሟ ተጠራ። ስትገባ ግን አዳራሽ የለም፤ የመቂ ገበያ ነው። ሚዛኑ እንደተለመደው ተሰቅሏል። የሚመዘነው ግን ሰው ነው። ሽንኩርቶች በእግራቸው ቆመው፣ ቅጠላቸውን እያወዛወዙ፣ ኬሻ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ትከሻ ይጫኑ ነበር።

«ይሄ ለስልሷል፣ ሁለት ቀን አይቆይም» አለ አንዱ ሽንኩርት።

«ይቺኛዋ ደህና ናት። ግን ያገር ናት ወይስ ዲቃላ?» አለ ሌላው።

ከኬሻዎቹ በአንዱ ውስጥ አማካሪዋ ዶክተር መንክር ከነክራቫታቸው እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ዘርፌ ደነገጠች።

«ዶክተር! ምን ሆነው ነው?»

«ደረጃ ሁለት ተባልኩ» አሉ በእርጋታ።

«ምነው?»

«ላዬ ጥሩ ነው፤ ውስጤ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል አሉኝ። አስተያየቱን ተቀብዬ አስተካክላለሁ።»

አራት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ ገጿ ጠርዝ ላይ «ማብራሪያ ይፈልጋል» እያሉ በቀይ የጻፉባት እሳቸው ናቸው። ዘርፌ አዘነችላቸው፤ ትንሽ ደስም አላት። ደስ ስላላት አፍራ ፊቷን ስታዞር ሸዋንግዛውን አየችው።

ሸዋንግዛው በመቂ የታወቀ ደላላ ነው። ጠዋት በስልክ አንድ ቃል ከተናገረ የቀኑ ዋጋ ያው ነው፤ ገበሬው ቢለምን ቢቆጣ ንቅንቅ አይልም። አሁን ግን ያ ሸዋንግዛው ባርኔጣውን አውልቆ ገበሬዎቹ ፊት ተንበርክኳል።

«እባካችሁ ዋጋ ንገሩኝ። ለብቻዬ ማሰብ አቃተኝ» ይላል።

«አሁን ምሳ ልንበላ ነው። ከሰዓት ብቅ በል፣ ከተመቸን እናይልሃለን» አሉት ኦቦ ገለቱ።

ኦቦ ገለቱ የማኅበሩ አባል ናቸው። ዘርፌ ለጥናቷ መጠይቅ ስታስሞላ፣ ውሃ የሚያጠጡበትን ቦይ ትተው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው መቶ ሃያ ጥያቄ የመለሱላት እሳቸው ነበሩ። ዘርፌን ሲያዩ ከብብታቸው ወፍራም ወረቀት መዘዙ።

«ነይ ልጄ፣ አታስቸግሪኝና ቁጭ በይ። መቶ ሃያ ብቻ ነው።»

«ኦቦ ገለቱ፣ ዲፌንስ አለብኝ እኮ፣ ጽሑፌን ላቀርብ ነው!»

«እኔስ ውሃ አልነበረብኝም? ጥያቄ አንድ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ትስቂያለሽ? በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም...»

«ይሄማ ከጥያቄው ጋር አይሄድም!»

«የአንቺስ ይሄድ ነበር?» አሉና እርሳሳቸውን ምራቅ አስነኩ። «አይዞሽ፣ መልስሽ በምስጢር ይጠበቃል።»

ዘርፌ «አልወሰንኩም» አለች። ኦቦ ገለቱ የድምፅ ማጉያ አነሡና ለገበያው ሁሉ «ዘርፌ መሳቋን አልወሰነችም!» ብለው አወጁ። ገበያው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «በይ አስተካክለን እንሙላው» ብለው መልሷን ሲያጠፉ፣ ከኋላቸው ደወል ተደወለ።

ፈታኙ ገባ። ግዙፍ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ካባ በካባ ላይ ደርቧል። የቲማቲም ሣጥን ላይ ጉብ አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ከዚህ ጥናት ምን ተገኘ?»

«የገበያ ሰንሰለቱ ላይ ያሉ ተዋንያን ትስስር...» ብላ ጀመረች።

ሽንኩርቱ አንድ ካባ አወለቀ። ከሥሩ ሌላ ካባ አለ። የገበያው ሰው ዓይኑ አቃጠለው።

«ምን ተገኘ ነው ያልኩት።»

«የዋጋ አወሳሰን ሥርዓቱ ክፍተት...»

ሌላ ካባ አወለቀ። አሁን ሁሉም ያለቅሳል። ሸዋንግዛው ይነፋረቃል፣ ዶክተር መንክር በክራቫታቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዘርፌም እንባዋ ወረቀቷ ላይ ተንጠባጥቦ ቀለሙን አጠበው። ዘጠና ስምንት ገጽ ባዶ ሆነ።

የምታነበው ስታጣ ቀና አለች።

«ገበሬው የሚሸነፈው ብቻውን ስለሚሸጥ ነው» አለች። «ኦቦ ገለቱ ግማሽ መኪና ሽንኩርት ይዘው አንድ ሳምንት መጠበቅ አይችሉም፤ ይበላሽባቸዋል። ደላላው ይህን ያውቃል። ሰባት ጎረቤታሞች በአንዴ እንዳይደርስባቸው ተራ አውጥተው ቢተክሉ፣ የደረሰላቸውን በአንድ መኪና ቢጭኑ፣ እሱ ነው የሚለምናቸው። ይኸው ነው። አራት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው።»

ይህን ያለ ስላይድ፣ ያለ ወረቀት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ደረቷ ቀለል አላት። ሽንኩርቱ ያወለቃቸውን ካባዎች አንድ በአንድ መልሶ ለበሰ፤ የሰዉም እንባ ደረቀ።

«ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልጻፍሽውም?»

«ምንጭ ጥቀሺ ይሉኛል ብዬ ነው።»

ገበያው አጨበጨበ። ሽንኩርቶቹ ቅጠላቸውን አነሡ። «አልፈሻል» አለ ፈታኙ። «በይ አሁን ትተከያለሽ።»

«እተከላለሁ?»

«ታዲያ ተመራቂ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንዴ?»

ከገበያው ጀርባ ረጅም መደብ ተዘጋጅቷል። ያለፉት ሁሉ ጥቁር ጋወን ለብሰው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አፈር ውስጥ ቆመው፣ በሰልፍ ይስቃሉ። ዘርፌ ጫማዋን አውልቃ ተራዋን ያዘች። ኦቦ ገለቱ ቦዩን ከፈቱት። ውሃው እየተንኳለለ መጣና ቅዝቃዜው እግሯን ሲነካት «እሰይ!» ብላ ጮኸች።

«ዘርፌ! ምንድን ነው እሰይ? ተነሺ!»

ዓይኗን ገለጠች። የውሃ ፕላስቲኳ ተደፍቶ ጫማዋን አርሶታል። ዶክተር መንክር ስልካቸውን ይዘው ከፊቷ ቆመዋል፤ ክራቫታቸው ወደ ጎን ዞሯል።

«ፈታኙ መጡ?» አለች ብድግ ብላ።

«አልመጣም። ከተማው መግቢያ ላይ ቆሟል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል።»

«ውይ! ሰው ተጎዳ?»

«ማንም አልተጎዳም። አስፋልቱ ግን ሽንኩርት ብቻ ሆኗል። ሰዉ ሁሉ ወርዶ ይለቅማል፤ ፈታኙም እጅጌውን ሰብስቦ እየለቀመ ነው። ከሰዓት ሌላ ፈተና ስላለበት ደወለና 'እዚሁ አምጧት፣ ኬሻ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ' አለኝ። ባጃጁ በር ላይ ነው፣ ቶሎ በይ።»

ዘርፌ እርጥብ ጫማዋን እየጎተተች ተከተለቻቸው። መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

«ዶክተር፣ ስላይዱስ?»

«ስላይዱን ተይው» አሉ ዶክተር መንክር ሳይዞሩ። «ለጠየቀሽ ሁሉ መሬት ላይ የፈሰሰውን ሽንኩርት በጣትሽ ታሳዪዋለሽ።»